ሚዶውና በዳር ያሉ ስሞች

አንድ ሰው ነበረ። የተንጋደደ ነገር አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው።

በር ላይ የተጣለ ጫማ ካየ ጎንበስ ብሎ ጥንድ ጥንዱን አጋጥሞ ነው የሚገባው። ለቅሶ ቤት ሄዶ እንኳ አግዳሚ ወንበሩን ሳያቃና አይቀመጥም። እናቱ፣ «ይሄ ልጅ ገነት ቢገባ መጀመሪያ አጥሩን ነው የሚያስተካክለው» ትል ነበር።

ሰውየው ክፉ አይደለም። ይህን ያዙልኝ ልጆቼ። ክፉ ሰው የሚያጠፋውን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ የምነግራችሁ አንድ ደግ ሰው በደግነቱ መሐል ያጠፋውን ጥፋት ነው።

ስሙ ሳህሉ ነው። አዳማ ይኖራል። ሥራው ለኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍ ነው።

ሙያውን እኔም በመስማት ነው የማውቀው። በአጭሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር የሚሠራው በተጻፈለት ትእዛዝ ነው። ትእዛዙን ኮድ ይሉታል። ኮዱ የሚጻፍበት የራሱ ቋንቋ አለው። ታዲያ ጥቂት ሰዎች፣ «ልጆቻችን ኮድ መጻፍ በአማርኛ ይጀምሩ» ብለው አንድ ቋንቋ ሠሩ። ስሙን ደቦ አሉት። አንዱ ድሬዳዋ፣ አንዷ ደብረ ብርሃን፣ አንዷ ጅማ ሆነው፣ ከሥራ መልስ በቴሌግራም እየተጠራሩ የሠሩት ነው። ደመወዝ የለውም።

ደቦ ታውቃላችሁ። ደቦ የወጣ ሰው አይከፈለውም። የሚቀርለት አንድ ነገር ነው፤ «የእገሌ ማሳ ሲታጨድ እሱም ነበረ» መባል። ይህን ከወሰዳችሁበት ምን ቀረው?

እዚያም እንደዚያው ነው። ኮዱ በሚቀመጥበት ቦታ፣ በእያንዳንዱ መስመር ዳር የሰው ስም አለ። ይህን መስመር መጨረሻ የነካው እገሌ ነው ይላል። ልብ በሉ። «የጻፈው» አይልም። «መጨረሻ የነካው» ነው የሚለው። ይህችን ቃል አትጣሏት፤ እመለስባታለሁ።

ሳህሉ ወደ ደቦው የመጣው ዘግይቶ ነው። ሲደርስ ሥራው ሊያልቅ ደርሷል። ሰዎቹ ግን ተጣልተዋል።

በምን ተጣሉ? በቅንፍ።

አትሳቁ። እናንተ የእድሩ ድንኳን በሩ ወዴት ይዙር ብላችሁ ስንት ጊዜ ተኳርፋችኋል?

ኮድ ውስጥ ቅንፍ አለ፤ የአንዱን ሥራ መጀመሪያና መጨረሻ የሚያጥር ምልክት። ኮምፒውተሩ ቅንፉ የትም ቢቆም ግድ የለውም። መስመሩ ገባ ቢል፣ ወጣ ቢል ግድ የለውም። የሚቸገረው የሚያነበው ሰው ነው። የድሬዳዋው ኑረዲን ቅንፉን መስመሩ ጫፍ ላይ ያንጠለጥለዋል። የጅማዋ ወይዘሮ አስካለ ደግሞ ከታች ለብቻው ያቆሙታል። ወይዘሮ አስካለ ሂሳብ ሲያስተምሩ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ሁሉም ቲቸር ነው የሚላቸው።

«ቲቸር፣ ይሄን ቅንፍ ምን አጠፋ ብለው ነው? እንደ ተቀጣ ተማሪ ለብቻው አቆሙት እኮ» ይላል ኑረዲን።

«ያንተው ታክሲ በር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ወያላ ነው። አንድ ቀን ይወድቃል» ይላሉ ቲቸር።

መጀመሪያ ቀልድ ነበር። እያደር መረረ። አንዱ የሌላውን መስመር ያቃናል፤ ያኛው ተመልሶ እንደ ነበረ ያደርገዋል። በመጨረሻ ኑረዲን፣ «አቦ ተዉኝ፣ እኔ ወጣሁ» ብሎ ሄደ።

ሳህሉ ይህን ሲያይ አዘነ። «ሰው ሰውን ከሚያቃና መሣሪያ ያቃናን» አለ። ሁሉም እንደ ልማዱ ይጻፍ፤ መሣሪያው ግን የሁሉንም ጽሑፍ በአንድ መልክ ያስተካክለው።

ክረምቱን ሙሉ ሠራው። ሕጉን ለማውጣት አንድ በአንድ እየደወለ ጠየቃቸው። ከኑረዲን ቅንፉን ወሰደ። ከቲቸር የመስመሩን ገባ ማለት ወሰደ። ከደብረ ብርሃኗ ወጣት፣ ከወይንሸት፣ በሁለት ሥራ መካከል የምትተወውን ባዶ መስመር ወሰደ። ከራሱ ምንም አላስገባም። ይህ ደግነት አይደለም? ደግነት ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ አስቂኝ ነበር። ኮድ ውስጥ ኮምፒውተሩ የማያነበው፣ ሰው ለሰው የሚተወው ማስታወሻ አለ። ወይንሸት አንድ ቦታ ላይ፣ «ይህን አትንኩት። ለምን እንደሚሠራ አልገባኝም፤ ግን ይሠራል» ብላ ጽፋ ነበር። መሣሪያው መጀመሪያ የዋጠው ያንኑ ማስታወሻ ነው።

«ጋሼ ሳህሉ፣ እየለመንኩት እኮ ነው የዋጠው!» አለች።

ሳህሉ ስቆ ማስታወሻዋን መለሰላት። ከዚያ በኋላ ለመሣሪያው ሁለት ሕግ ሰጠው። አንደኛው፣ መልኩን እንጂ ትርጉሙን እንዳይነካ ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ጊዜ ያቃናውን መልሰው ቢሰጡት ምንም እንዳያደርግ። አይቶ፣ እጁን ሰብስቦ፣ ዝም እንዲል።

ይህ ሁለተኛው ደስ ይለኛል። ስንቶቻችን ነን ያቃናነውን ልጅ ደግመን የምናቃና? አሁንም ደግመን? እስኪሰበር? ይህን ለሌላ ቀን ላቆየው።

ኑረዲን ተመለሰ። ቅንፉ ተከብሮለታልና። ለመሣሪያው ስም ያወጣለትም እሱ ነው። ሚዶ አለው። «የተንጨባረረውን ሁሉ ያበጥራላ!»

አሁን ወደ ወይንሸት እንምጣ።

ወይንሸት ኮሌጅ ጀምራ ነበር። አባቷ ሲታመም አቋርጣ አስታመመችው። አባቷ አረፈ፤ እሷም ወደ ኮሌጁ ሳትመለስ ቀረች። ዲግሪ የላትም። ያላት ደቦ ውስጥ የጻፈችው ነው። ከመስመሮቹ ዳር ያለው ስሟ ነው ምስክሯ። አዲስ አበባ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ለትምህርት ቤቶች ፕሮግራም የሚሠራ፣ ሰው ይፈልጋል ተባለ። አመለከተች። «ዲግሪ ባይኖርሽም ሥራሽን እንየው። ሐሙስ ነይ» አሏት።

ሳህሉ ሲሰማ ደስታው ልክ አልነበረውም። እሷን እንደ ታናሽ እህቱ ነው የሚያያት። «ታዲያ ያንን የተንጨባረረ ነገር ይዛ ልትቀርብ ነው?» አለ። ረቡዕ ዕለት ሚዶን በደቦ ሥራ ሁሉ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ በአንዴ ለቀቀው። ያልተነካ መስመር አልቀረም። የወይንሸት ክፍል አዲስ እንደ ተነጠፈ አልጋ ሆነ።

ዳሩስ? በዳር ያሉት ስሞችስ?

ያልኳችሁን አስታውሱ። መጨረሻ የነካው።

ሳህሉ አየው። ከላይ እስከ ታች፣ ሳህሉ፣ ሳህሉ፣ ሳህሉ። ዘግይቶ የመጣው፣ በዚያ ሥራ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ ያልነበረው ሰው። ቆም ብሎ አየው። «እሱ ይስተካከላል፤ በኋላ አየዋለሁ» አለና ላፕቶፑን ዘጋ። ለወይንሸት ደወለላት።

«አሳመርኩልሽ» አላት።

«ኧረ ጋሼ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«ኮራ ብለሽ አሳያቸው።»

«ያን ማስታወሻ ግን ላጥፋው? ‹አልገባኝም› ይላል፤ ያሳፍራል እኮ።»

«ተይው። ያንቺ ነው» አላት።

ሐሙስ ደረሰ። ጠያቂዎቹ ሦስት ናቸው። መሐል የተቀመጡት አቶ ሰይፈ የሚባሉ፣ መነጽር ያደረጉ ሰው ናቸው። ሥራውን ከፍተው ተመለከቱ።

«ቆንጆ ነው። ያንቺ የትኛው ነው?»

«ይሄ ክፍል በሙሉ።»

አቶ ሰይፈ ጣታቸውን ወደ ዳሩ ወሰዱ። «ሳህሉ ይላል።»

ወይንሸት ጎንበስ ብላ አየች። «እሱ ያስተካከለው ነው እንጂ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ይሄስ? ‹ይህን አትንኩት› የሚለው?»

«እሱም የኔ ነው።»

«እሱም ሳህሉ ነው የሚለው።»

ከሦስቱ አንዷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የሰው ሥራ ይዞ መቅረብ ጥሩ አይደለም፣ እህቴ» አለቻት።

ከሳህሉ በፊት ማን እንደ ነካው ቢቆፍሩ ስሟን ከሥር ያገኙት ነበር። ማን ይቆፍራል? ውጭ ብዙ ሰው ተራ ይጠብቃል። እሷስ ቆፍራ ማሳየት አታውቅም? ታውቃለች። ግን ሌባ የተባለ ሰው እጁ አይታዘዝለትም። ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። መኪና ላይ ሆና ለደቦው ሰዎች በቴሌግራም አንድ ቃል ጻፈች። «ሌባ ተባልኩ። ስሜ የለም።» ከዚያ ስልኳን ዘጋች።

ኑረዲን ይህን አይቶ ሥራውን ከፈተ። የእሱም ስም የለም። ወደ ሳህሉ ደወለ።

«አንተ! ሚዶ ሠራሁ ብለህ ምላጭ ነው እንዴ የሠራኸው? ላጨኸን እኮ! መላጣ ነን ሁላችንም!»

«ኑረዲን፣ ስማኝ። አንድ ቃል አልተቀየረም። ፈትኜዋለሁ። ትርጉሙ ያው ነው።»

«ትርጉሙ ያው ነው፤ እሺ። ሰዎቹ ግን የሉም» አለ ኑረዲን። «ልጅቷን ሌባ አሏት እኮ! ድንጋይ ተሸክመህ ደብረ ብርሃን ሂድ!»

በድሮው ሥርዓት የበደለ ሰው ድንጋይ በትከሻው አድርጎ ነው ይቅርታ የሚለምነው። ኑረዲን እንደ ቀልድ አለው። ሳህሉ ግን እንደ ቀልድ አልሰማውም። ቁጭ አለ። ጥቂት ቆይቶ ስልኩ እንደገና ጠራ። ቲቸር ናቸው።

«ሳህሉ፣ አይተኸው ነበር?»

«ምኑን ቲቸር?»

«ምኑን እንደሆነማ ታውቀዋለህ።»

«አይቼዋለሁ» አለ።

«ደስ አለህ?»

መዋሸት ይችል ነበር። ስልክ ነው፤ ፊቱን አላዩትም። የእናቱ ልጅ ግን ነውና፣ የተንጋደደውን ነገር እንደ ተንጋደደ ማለፍ አልቻለም።

«ትንሽ» አለ።

«ጎሽ። ያቺን ‹ትንሽ› ካገኘሃት ሌላው ይቀላል።»

«ምን ላድርግ ቲቸር? ኑረዲን ድንጋይ ተሸከም ይላል።»

«ድንጋዩን ተወው። ላፕቶፕህን ተሸከም» አሉት።

ስሞቹ አልጠፉም ነበር ልጆቼ። ተሸፍነው ነው። ጭቃ ቤት ስትሠሩ አይታችኋል። አንዱ ማገር ያስራል፤ አንዱ ጭቃ ይረግጣል፤ አንዷ ውኃ ትቀዳለች። በመጨረሻ አንድ ሰው ይመጣና ይለስነዋል። ሲደርቅ የሚታየው የለሳኙ እጅ ብቻ ነው። የሌሎቹ እጅ ግን ከሥር አለ። ባይኖርማ ግድግዳው አይቆምም ነበር።

በዚያ ሙያ ልስኑን አሳልፎ ከሥር ያለውን እጅ የሚያሳይ መንገድ አለ። ትንሽ ፋይል ትከፍታለህ። እዚያ ውስጥ፣ ይህን ሥራ እለፉት ብለህ ትጽፋለህ። ከዚያ ወዲያ ዳሩ የአንተን መንካት እንዳላየ ያልፍና ከአንተ በፊት የነበረውን ሰው ይጠራል። አጭር ነገር ናት። ጣትን አታደክምም። የምታደክመው ሌላ ቦታ ነው። የክረምት ልፋትህ ከዳሩ ላይ ይነሣል፤ የምታነሣውም አንተው ነህ።

ሳህሉ ጻፋት። ከዚያ ዳሩን ከፈተ። ኑረዲን። አስካለ። አስካለ። ወይንሸት። ደመና እንደ ገለጠው መንደር ተራ በተራ ብቅ ብቅ አሉ።

በነጋታው ላፕቶፑን ይዞ ደብረ ብርሃን ሄደ። ወይንሸት ራሷ በሩን ከፈተች።

«ጋሼ! ምን እግር ጣለህ?»

«ይቅርታ ልጠይቅሽ።»

«ስልክ አለ አይደል እንዴ? ለዚህ ብለህ ነው ከአዳማ የመጣኸው?»

«በስልክ ነው የበደልኩሽ። ‹አሳመርኩልሽ› አልኩሽ። ከመደወሌ በፊት ስምሽ መሸፈኑን አይቻለሁ። አይቼ ነው ‹በኋላ› ያልኩት።»

ሳህሉ ላፕቶፑን በሁለት እጁ እንደ ትሪ ይዞ በሩ ላይ ቆመላት። ጣቷን እያንሸራተተች ረጅም ጊዜ አየች። ማስታወሻዋ ጋ ስትደርስ ከንፈሯ ፈገግ አለ።

«እሱም ተመልሷል።»

«ሰኞ አብረን እንሂድ» አላት።

«አልሄድም። ሁለተኛ እዚያ በር አልቆምም።»

«የምቆመው እኔ ነኝ። የሚያፍረውም እኔ ነኝ። አንቺ አጠገቤ ሁኚ ብቻ።»

ሰኞ ሄዱ። ዘበኛው ቀጠሮ ከሌላችሁ አትገቡም አላቸው። ደጅ ቆሙ። አቶ ሰይፈ ለምሳ ሲወጡ ሳህሉ ወደ ፊት ራመድ አለ።

«ቀጠሮ የለንም፣ ጌታዬ። እኔ ሳህሉ ነኝ።»

አቶ ሰይፈ ስሙን አልረሱትም። ከላይ እስከ ታች አንብበውት የለም? ወይንሸትን አዩ፤ እሱን አዩ። «ግቡ» አሉ።

ሳህሉ ያጠፋውን ሳያስረዝም ነገራቸው። ሥራውን ከፈተላቸው። አቶ ሰይፈ ዳሩን እያነበቡ ወረዱ። ወይንሸት። ወይንሸት። ወይንሸት። ማስታወሻዋ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ለምን እንደሚሠራ አልገባኝም ይላል። አሁንስ ገባሽ?»

«ገብቶኛል» አለች። ወንበሯን ሳበችና አስረዳቻቸው። ተከራከሯት። መለሰችላቸው። ደግመው ተከራከሩ፤ ደግማ መለሰች። በመጨረሻ፣ «እንዴ፣ ልክ ነሽ» አሉ። «ከገባሽ ታዲያ ማስታወሻውን ለምን አታጠፊውም?»

«ከኔ በኋላ የሚመጣው ላይገባው ይችላላ።»

አቶ ሰይፈ ሳቁ። ከዚያ ወደ ሳህሉ ዞሩ።

«ይህን ሁሉ ያቃኑት እርስዎ ነዎት። የእርስዎ ስም የት ነው ታዲያ?»

ሳህሉ አፈረ። ቢሆንም ያችን ትንሽ ፋይል ከፈተላቸው። ያለባት አንድ መስመር ነው። ይህን ሥራ እለፉት ትላለች። በዳሯ፣ ሳህሉ ይላል።

በዚያ ሁሉ ሥራ ውስጥ ስሙ ያለው እዚያ ብቻ ነው። እለፉኝ ባለበት።

አቶ ሰይፈ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከዚያ ለወይንሸት፣ «ነገ ጠዋት ሥራ ጀምሪ። በሐሙሱ ነገር ደግሞ እኛም መቆፈር ነበረብን» አሏት።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሚዶ መጥፎ ነው አልኳችሁ? አላልኩም። የተንጨባረረ ቤት አልወድም። ይህን ደጅ ጠማማ ሆኖ ሳየው ዝም የማልል መሆኔን ታውቃላችሁ። ማቃናት ኃጢአት አይደለም። ኃጢአቱ እያቃኑ ዳሩን አለማየት ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ አይቶ፣ ትንሽ ደስ ብሎት፣ «በኋላ» ማለት ነው።

አንቺ የልጅሽ ሚስት ያነጠፈችውን አልጋ ደግመሽ የምታነጥፊው፣ እንግዳ ሲመጣ «ቤቱ የተያዘው በኔ ነው» ብለሽ የለም? አንተ «ይህን ቤት ያቆምኩት እኔ ነኝ» የምትለው፣ ጭቃውን ማን ረገጠልህ? ውኃውን ማን ቀዳልህ? አንተ የለሰንከው ልስኑን ነው። እናንተ ቢሮ ያላችሁ፣ የበታቻችሁ ከጻፈው ላይ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ነቅላችሁ፣ በስማችሁ ፈርማችሁ የምትልኩት፣ ሰውየው በኮሪደር ሲያልፍ ፊቱን አይታችሁት ታውቃላችሁ?

ደግ ናችሁ። አውቃለሁ። ሳህሉም ደግ ነው። ደግ ሰው ነው ብዙ የሚነካው፤ ስለዚህ ብዙ የሚሸፍነውም እሱ ነው። ለዚህ ነው ይህን ለክፉዎች ሳይሆን ለእናንተ የምነግራችሁ።

እግዚአብሔርን እዩት። እኛን ስንት ጊዜ አቅንቶናል? የቱን መስመራችንን ነው ያልነካው? ጠማማውን ሁሉ ነክቶታል። ዳሩን ስናይ ግን የማን ስም አለ? የየራሳችን። ወለተ እገሌ፣ ገብረ እገሌ ብሎ አንድ በአንድ ይጠራናል። ሁሉን ሠርቶ ስማችንን ያልሸፈነ አምላክ ነው ያለን። እኛ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ነቅለን እንሸፍናለን?

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ያቃናችሁትን ነገር አስቡ። አንድ ይበቃል። ዳሩን እዩ። የእናንተ ስም ብቻ ከሆነ ያለው፣ «በኋላ» አትበሉ። ድንጋይም አትሸከሙ። ተነሡና ከሥር ያለችውን ሰው በር አንኳኩ። ስትከፍትላችሁ ብዙ አትናገሩ።

«ይህ ያንቺ ነው» በሏት።